ሽማግሌዎቹ የረሱት ገመድ

ፎቶ አንሺው ላፕቶፑን አጥፍቶ አያውቅም ነበር። ማታ ክዳኑን ያጥፍበታል፣ ጠዋት ይገልጥለታል፣ ማሽኑም ካቆመበት ይቀጥላል። ለምን እንደማያጠፋው ለሚጠይቀው ሁሉ «ማጥፋት ለአምፖል ነው» ይላል። እንዲህ ሲል ኖሮ ኖሮ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው ካረጀ ስለቆየ ላፕቶፑም ተከትሎ ሄደ። መብራቱ ከምሳ በኋላ ተመለሰ። ላፕቶፑ አልተመለሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማብሪያውን ሲጫነው ማራገቢያው ሽው ይላል፣ ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ በትዕግሥት ጠበቀ። ትዕግሥቱ ድሮም ብዙ አልነበረችምና ስታልቅበት ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ በሁለት እጁ ደበደበ። ላፕቶፑ ጥቂት ቻለውና ራሱን አጠፋ። እንደገና አበራው። እንደገና ደበደበው። እንደገና ጠፋ።

እሱን ያበገነው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ላፕቶፑን ባበራ ቁጥር ቤቱን ለሁለት ከከፈለው የችፑድ ግድግዳ ማዶ የወንዶች ጩኸት ይነሳል። «ኤጭ!» «ኧረ በናትህ!» «ምን ጉድ ነው ይሄ!» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ጸጥ ይላሉ። ሲያበራ ጩኸት፣ ከዚያ ጸጥታ። ሲያበራ ጩኸት፣ ከዚያ ጸጥታ።

«እኔ ስቸገር እነሱ ይስቁብኛል» አለ ፎቶ አንሺው ለራሱ። አልሳቁም፤ ግን የተቆጣ ሰው ጩኸትን ከሳቅ አይለይም።

ከችፑዱ ማዶ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው። ድሮ ችፑድ አልነበረም። ቤቱ አንድ አዳራሽ፣ ሥራው አንድ ፎቶ ቤት፣ ወንድማማቾቹም አንድ ነበሩ። ታላቅየው ያነሳል፣ ታናሽየው ኮምፒውተሩ ላይ ያስተካክላል፣ ደንበኛው ደግሞ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን የገዛ ፊቱን እያየ «ይቺ ትሻላለች፣ አፍንጫዬን ግን አበዛችሁት» ይላል። ታዲያ አንድ ቀን ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ ታናሽየው «መብራቱ ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን» አለ። ታላቅየው ከካሜራው ቀና ብሎ «አንተ እዚህ ቤት ተቀጣሪ ነህ፤ ተቀጣሪ አይመክረኝም» አለው። ሰው ሁሉ ሰማ። ታናሽየው መብራቱን ባለበት ተወው፣ የቀኑን ሥራ ጨረሰ፣ ቤቱን ጠረገ፣ ወጣ። በማግሥቱ ድርሻዬን አለ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅታቸው በወጉ አጣሏቸው። ካሜራው፣ ማተሚያውና ላፕቶፑ ለታላቅ ሆነ። ወንበሮቹ፣ ትልቁ መስተዋትና ትልቁ ስክሪን ለታናሽ ሆነ፤ ፀጉር ቤት ልከፍት ነው ብሎ ነበርና። ቤቱ መሃል ለመሃል በችፑድ ይከፈል ተባለ። በመጨረሻም አንጋፋው ሽማግሌ ተነስተው «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ነገር ባለበት ይርጋ! መጀመሪያ የነካ እሱ ጥፋተኛ ነው» አሉና መርቀው ሄዱ።

አናጢው ችፑዱን ሊያቆም ሲመጣ አንድ ገመድ አገኘ። ከላፕቶፑ ተነስቶ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ሄዶ፣ ትልቁ ስክሪን ላይ ይሰካል። «ይሄስ የማነው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድማማቾቹ ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ ገመዱን ረስተውታል። አናጢው በሰው ነገር የሚገባ ሰው አልነበረም፤ ችፑዱን በስቶ ገመዱን አሳለፈና መጋዙን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ገመዱን የነካው የለም። የነካ ጥፋተኛ ነዋ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ያልያዙትንም አልለቅ ያሉ ነበሩ። ቢነጋገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ነው። አልተነጋገሩም። በር ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ጫማውን ያያል።

እንግዲህ ፎቶ አንሺው ላብ በላብ የሆነበት ምክንያት ይኼ ነው። በዚያ ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ፎቶ አለ፤ ክፍሉ በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ ገዋን ለብሰው። የካሜራውን ካርድ እንደ ልማዱ ገልብጦ አጥፍቶታል። ገዋኑ ለአከራዩ ተመልሷል። ልጆቹ ሥራ ተመድበው በየአገሩ ተበትነዋል። ወላጆቻቸው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ፎቶውን ከትምህርት ቤቱ ሊወስዱ ይመጣሉ፤ ለዳይሬክተሯ ቃሉን የሰጠው እሱ ራሱ ነው። ይህ ፎቶ ከጠፋ ዳግም አይነሳም። ፎቶ አንሺው ኩሩ ይሁን እንጂ ልበ ደንዳና አይደለም፤ የእነዚያን ልጆች ፊት እያንዳንዱን ያስታውሰዋል። አንዷ ስትነሳ ሳቋ መጥቶባት ሦስቴ አስቁማዋለች። እሷን ማጣት ፈራ። ከልቡ ፈራ።

ማክሰኞ ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራው። ጠጋኙ ቦርሳውን አስቀምጦ፣ ላፕቶፑን አብርቶ፣ ጥቁሩን ስክሪን አይቶ፣ የማዶውን ጩኸት ሰምቶ ዞር አለ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ሥራ ፈቶች ናቸው። አንተ ሥራህን ሥራ።»

«እሺ ጋሼ። መጀመሪያ ይሄን ገመድ እንንቀለው።»

«አይነቀልም።»

«ለምን?»

«በሽምግልና የተያዘ ነው።»

ጠጋኙ በሙያው ብዙ ዓይነት የላፕቶፕ በሽታ አይቷል። ሻይ የጠጣ አይቷል፣ ጉንዳን የገባበት አይቷል፣ ሕፃን ቁልፎቹን ነቅሎ የዋጠበት አይቷል። በሽምግልና የተያዘ ግን አጋጥሞት አያውቅም።

«እንግዲያው ወደ ሱቄ ልውሰደውና ፈትቼ ልየው» አለ።

«ውሰደው። ገመዱን ግን ሳትነቅል።»

ጠጋኙ ገመዱን በዓይኑ ተከተለው። ከላፕቶፑ ወጣ፣ በግድግዳው ጥግ ሄደ፣ ችፑዱ ቀዳዳ ውስጥ ገባ፣ ጠፋ።

«ሌላው ጫፉ ምን ላይ ነው ያለው?»

«አላውቅም» አለ ፎቶ አንሺው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ።

«ጋሼ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ላፕቶፑ አልሞተም» አለ ጠጋኙ ቦርሳውን እያነሳ። «ሲነሳ የሚያሳየው ወደዚያ ማዶ ይሆናል እንጂ። እዚያ ያለው ስክሪን ላይ ምን እንደሚወጣ የሚያይ ሰው ይላኩ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግዎ እኔ ከሆንኩ ይደውሉልኝ። ፍርድ ቤት ከሆነም ጥሩ ጠበቃ አውቃለሁ።»

ፎቶ አንሺው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ረቡዕ ጠዋት አክስቱን ጠራት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ለሁለቱም ያለቻቸው እሷ ናት። ጠዋት በአንዱ በር ትገባለች፣ ከሰዓት በሌላው፤ የዚህን ሰላምታ ለዚያ አታደርስም፣ ምክንያቱም የሚላክ ሰላምታ ኖሮ አያውቅም።

«እዚያ ሂጂና ተቀመጪ። እኔ ላፕቶፑን ሳበራ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚወጣ አይተሽ ንገሪኝ» አላት።

«ለምን ራስህ አትሄድም? እግር የለህም?»

«አክስቴ!»

«እሺ እሺ፣ ሄድኩ። ሁለት ጎረምሳ አሳድጌ መልእክተኛ ሆኜ ልቅር» አለችና ሄደች።

አበራ። ጩኸቱ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ አክስትየው ከንፈሯን እየነከሰች ተመለሰች። ሳቋን መዋጧ ነበር።

«ኳስ እያዩ ነበር» አለች። «አንተ ስታበራ ኳሱ ድርግም ይልና ሰማያዊ ነገር ይመጣል። መሃሉ ላይ ሳጥን አለ። አንዱ ተላጪ አነበበልኝ፤ የይለፍ ቃል አስገቡ ነው የሚለው። ሰዎቹ ይጮኻሉ፣ ወንድምህ ሪሞቱን ያነሳል፣ ወደ ኳሱ ይመልሰዋል። ከሰኞ ጀምሮ እንዲሁ ነው አሉኝ። ትናንት ጎል አልፏቸዋል።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? መቀሱን ቀጠለ።»

«ገመዱን ለምን አይነቅለውም ታዲያ ከደበረው?»

«አንተ ለምን አትነቅለውም?»

ፎቶ አንሺው ዞሮ ገመዱን አየው። ቀስ እያለ ነገሩ ትዝ አለው። ቤቱ አንድ በነበረበት ጊዜ ሌባ ገብቶባቸው ነበር። የወሰደው አንድ መብራትና አንድ ጃንጥላ ነው፤ ታናሽየው ግን ደንግጦ ላፕቶፑ ላይ ጥበቃ አደረገበት። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ፣ ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ ቃል ይጠይቃል። የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ሲነሳ ይደበዝዝ ስለነበር ጥያቄውን ትልቁ ስክሪን ላይ እንዲያወጣ አስተካክሎት ነበር። ይህን ሁሉ ነግሮታል። ታላቅየው በዚያን ጊዜ «እሺ፣ እሺ» ብሎታል፤ «እሺ፣ እሺ» በእሱ ቤት አልሰማሁህም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ጠፍቶ ስለማያውቅ ቃሉም ተጠይቆ አያውቅም።

«እኔው እገምተዋለሁ» አለ ፎቶ አንሺው። «አንድ እናት ጡት ነው የጠባነው። ከየት ያመጣዋል?»

አክስትየው ተመልሳ ፀጉር ቤቱ ጥግ ተቀመጠች። እሱ ከዚህ ወገን ሳያይ ይጽፋል፣ እሷ ከዚያ ወገን በችፑዱ በኩል ትጮኻለች።

የእናታቸውን ስም ጻፈ።

«ኮከብ ኮከብ ኮከብ አለ!» ስትል ጮኸች። «አሁን ቀይ ነገር አወጣ! ተሳስተሃል ነው የሚለው!»

የፎቶ ቤቱን ስም ጻፈ። ቀይ። ታናሽየው የተወለደበትን ዓመት ጻፈ። ቀይ፤ ማሽኑም ራሱን አጠፋ። ማዶ ያሉት ሰዎች በኳሱ መመለስ አጨበጨቡ። አበራው። ልጆች ሳሉ የነበራቸውን ውሻ ስም ጻፈ። የሰፈሩን ስም ጻፈ። ተስፋ ሲቆርጥ የገዛ ስሙን ጮክ ብሎ እየጠራ ጻፈ። ቀይ።

«እሱ እንኳ ይቅርብህ» አለች አክስትየው ከማዶ። የፀጉር ቤቱ ሰው ሳቀ።

ከዚያ በኋላ የሚጽፈው አጣ። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ ዘርግቶ ቁጭ አለ። ወንድሜ ምን ይወዳል? ምን ያምረዋል? የማንን ስም ልቡ ውስጥ ይዟል? አያውቅም። አንድ ቤት ያደጉ፣ አንድ ቤት የሠሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ እሱ ግን ለወንድሙ መብራት ያዝ፣ መጋረጃ ሳብ ከማለት ያለፈ ነገር ጠይቆት አያውቅም። ይህን ሲያስብ አፈረ፤ የሚያየው ሰው ባይኖርም ፊቱ ጋለ።

«አክስቴ!» ብሎ በችፑዱ በኩል ጠራት። «ቃሉን ንገረው በይው።»

ማዶ መቀሱ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ የአክስቱ ድምፅ መጣ።

«በአፉ ይጠይቀኝ ይላል።»

«ይኸው በአፌ ጠየቅሁ አይደል! በችፑድ በኩል ይሰማ የለም እንዴ!»

«በችፑድ ሳይሆን በበር ይላል።»

ፎቶ አንሺው ላፕቶፑን አጠፈው። «ይቅር!» አለ። «ሺህ ዓመት አይኖር! ይቅር!»

ሐሙስ ዳይሬክተሯ ደወለች።

«እንደምን ዋሉ? ስለ ፎቶው ነበር።»

«እየታጠበ ነው» አለ ፎቶ አንሺው። ፎቶ ውሃ ካየ ዘመን አልፎታል።

«እግዜር ይስጥልኝ። ወላጆች እየደወሉ አላስቀምጥ አሉኝ። አንዷ እናት ግድግዳው ላይ ሚስማር መትታ፣ ባዶ ፍሬም ሰቅላ እየጠበቀች ነው አሉኝ። ቅዳሜ አይቀርም አይደል?»

«አይቀርም» አለ። ያን ዕለት ምሳውን አልበላም። ማታም አልበላም። ባዶው ፍሬም ዓይኑ ላይ ተሰቅሎ አልወርድ አለ።

ዓርብ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የወንድሙ በር ከበሩ አጠገብ ነው። አልፎት ሄደ። እስከ መድኃኒት ቤቱ ደረሰ፣ የማይፈልገውን የራስ ምታት ኪኒን ገዛ፣ ተመለሰ። እንደገና አለፈው። ጫማ ጠራጊው ከመንገዱ ማዶ «የጠፋብህ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀው። «የለም» ብሎ ገባ።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሁሉም ሰው ወሬውን ያውቃል። ወሬው ቆመ። ኳሱ ብቻ ይጮኻል። አክስትየው ጥግዋ ላይ ሹራብ ትሠራለች፤ ቀና ብላ አየችውና መልሳ አቀረቀረች። ታናሽየው አንድ ሽማግሌ እየላጨ ነው፤ ዞር ብሎ አላየም፤ መስተዋቱ ግን ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ፎቶ አንሺው ቆሞ ምን እንደሚል ሲያወጣ ሲያወርድ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ወጣት ጠጋ አለለትና «ከእኔ በኋላ ነዎት» አለው። እሺ ብሎ ተቀመጠ። ምን ያድርግ? ተራ ያዘ።

ሽማግሌው ተላጭተው ሄዱ። ወጣቱ ተስተካክሎ ሄደ። «ቀጣይ» አለ ታናሽየው ጨርቁን እያራገፈ። ፎቶ አንሺው ተነስቶ ወንበሩ ላይ ወጣ። ወንበሩ ድሮ ደንበኛ ተቀምጦ የሚነሳበት ነበር። ታናሽየው ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፤ አላጠበቀም፣ አላላላም፤ ለማንኛውም ሰው እንደሚያስረው አሰረለት። ከዚያ በመስተዋቱ አየው።

«ምን ይሁንልዎ?» አለ።

እርስዎ! የእናቱ ልጅ፣ አዝሎ ያሳደገው፣ እርስዎ አለው። ፎቶ አንሺው በጥፊ ቢመታው ይሻለው ነበር።

«ያው... እንደ ሁልጊዜው» አለ።

«እንደ ሁልጊዜው የቱ ነው?»

እውነቱን ነው። እዚህ ቤት ተስተካክሎ አያውቅም።

«አጠር ይበል» አለ ፎቶ አንሺው።

«እሺ።»

የፀጉር ማሽኑ ጀመረ። ግራ ወገኑ ተላጨ፤ ፀጉሩ ጉልበቱ ላይ ረገፈ። እጁ ረጋ ያለ ነው፣ አይቸኩልም። ወንድሙ እንዲህ ያለ እጅ እንዳለው ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። ወደ ቀኝ ሊዞር ሲል ፎቶ አንሺው ከጨርቁ ስር እጁን አወጣ።

«አጥፋው እስቲ አንዴ።»

ማሽኑ ጠፋ። ከደንበኞቹ አንዱ፣ ሳይታዘዝ፣ የስክሪኑን ድምፅ ቀነሰ።

«በሰው ፊት ነው ያልኩህ፣ በሰው ፊት ልመልሰው» አለ ፎቶ አንሺው። ለመስተዋቱ ነው የሚናገረው፤ ድምፁ ይሰባበራል። «አንተ ተቀጣሪ አልነበርክም። ያን ቤት አብረን ነው ያቆምነው። ያን ቀን ያነሳሁትን ፎቶ ኋላ አየሁት። ግማሽ ፊታቸው ጨለማ ነው። መብራቱ ወደ ግራ መሆን ነበረበት።»

«አዎ፣ እንደሱ ነው» አለ አንድ ደንበኛ። ስለ መብራት የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ታናሽየው ማሽኑን በእጁ እያገላበጠ ቆየ።

«ስለ ፎቶዎቹ ነው የመጣኸው?» አለ።

ፎቶ አንሺው አንተ መባሉን ሰማ። ሰምቶም ውሸት ለመናገር አቅም አጣ።

«አዎ።»

«ፎቶዎቹ ባይኖሩ ትመጣ ነበር?»

ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «እንዴታ! ስንት ቀን በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ» ይል ነበር። ፎቶ አንሺው አሰበ።

«እንጃ። አልመጣም ነበር መሰለኝ» አለ። «መምጣቱን እፈልግ ነበር። ግን አልመጣም ነበር። ኩራቴን ታውቀው የለ?»

«አውቀዋለሁ» አለ ታናሽየው። «እኔም አለኝ። ያ ድምፅ እንዳይመጣብኝ ብዬ ሬዲዮ ስከፍት ነው የከረምኩት።»

«የእኔን ድምፅ?»

«የአንተን ድምፅ። ደንበኛ ስታስቅ። ያቺን 'ትንፋሽ ያዙ' የምትላትን።» ማሽኑን አስቀመጠ። «ተነስ።»

«ፀጉሬ...»

«የት ይሄዳል? ተነስ አልኩህ።»

ወጡ። ፎቶ አንሺው ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጎፍሮ፣ በአደባባይ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ሄደ። ጫማ ጠራጊው አየና አንድም ነገር አልጠየቀም። አክስትየው ማንም ሳያዛት ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አቅርባ ዘብ ቆመች።

ታናሽየው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ያለበትን ቦታ እጁ አልረሳውም። ማብሪያውን ተጫነው። ማዶ ሰዎቹ ጮኹ፣ አክስትየው ግን «ዝም በሉ! ማንም ሪሞት እንዳይነካ!» ብላ ጮኸችባቸው፤ ዝም አሉ። ታናሽየው ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። ፎቶ አንሺው ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሰው ቃል ማየት ነውር ነው።

ቁልፎቹ ተንጫጩ። ረጅም ቃል ነበር።

«ኮከብ ኮከብ ኮከብ...» ትላለች አክስትየው ከማዶ፤ «ኧረ ምን ዓይነት ቃል ነው ይሄ! ኮከብ... ቆመ። ሳጥኑ ሄደ! ሄደ! አንድ ነገር እየዞረ ነው! ገባ! ልጆች ገባ!»

ማዶ ያለው ሕዝብ ጎል እንደገባ አጨበጨበ። ጥቁሩ ስክሪን እዚህም ነጣ። ታናሽየው ፎቶዎቹን ከፈተ፣ ነርሶቹ በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ ገዋናቸውን ለብሰው መጡ፤ ያቺ ሳቋ የሚመጣባትም በቦታዋ አለች። ፎቶ አንሺው ጨርቁን ወደ ፊቱ አንስቶ ዓይኑን ጠረገበት፤ የገዛ ፀጉሩ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስለቅሰው የቱ እንደሆነ አልታወቀም።

«ይቺ ጨፍናለች» አለ ታናሽየው ስክሪኑን እያየ። «ሌላዋን አውጣላት።»

«እሺ» አለ ታላቅየው። ይኼኛው «እሺ» ሰምቻለሁ ማለት ነበር።

ያን ቀን ፀጉር ቤቱ ሥራ አልሠራም። ሁለቱም ከማተሚያው ስር አልተነሱም፤ አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አክስትየው በኤንቨሎፕ ታሽጋለች። ተራ ይዘው የነበሩት ደንበኞች ግማሾቹ ሄዱ፣ ግማሾቹ ኳሳቸውን አይተው ሲጨርሱ በሩን ዘግተው ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ፎቶ አንሺው ኤንቨሎፖቹን ተሸክሞ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ኮፍያ አድርጎ ነበር። ዳይሬክተሯ ሰላም ሲላት ኮፍያውን ያላወለቀው ለምን እንደሆነ አልገባትም፤ ለእሷ የሚገባት ነገር አልነበረም፤ ሌላው ግማሽ ፀጉር ትዝ ያላቸው ቅዳሜ ማታ ነው።

«እንግዲህ ሰኞ እንዴት ልከፍተው ነው?» ብሎ ጠየቀ ፎቶ አንሺው፣ ወንድሙ ቀኙን ወገን ሲላጨው። «ንገረኛ ቃሉን።»

«አልነግርህም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጥራኝ።»

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ፎቶ አንሺው ችፑዱን በጣቱ ይመታል፣ በስሙ ይጠራዋል፣ ታናሽየው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይመጣል። ማብሪያውን ይጫናል፣ ቃሉን ይጽፋል፣ ማዶ የተቀመጠ ሰው ካለ «ገባ» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ትንሽ ይቆማል። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ አክስታቸው ጉልበት ያወራሉ፣ አንዳንዴ ምንም አያወሩም። ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ፎቶ አንሺውም ማታ ማታ ላፕቶፑን ማጥፋት ለመደ። ክዳኑን ማጠፍ ትቶ እስኪጠፋ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ መጥፋቱን አረጋግጦ ነው ሱቁን የሚዘጋው።

አንድ ጠዋት ታናሽየው ቁልፎቹ ላይ እጁን ሰቅሎ ቆመ።

«ስማ፣ ይሄን ነገር ላንሳልህ እንዴ?» አለ። «ቃል መጠየቁን አስቀረዋለሁ። ሲነሳም እዚሁ በራስህ ስክሪን ያሳይሃል። ደቂቃ አይፈጅም። በየቀኑ እኔን ከምትጠብቅ።»

ፎቶ አንሺው የካሜራውን ሌንስ እየወለወለ ነበር። የተወለወለውን ደግሞ ወለወለው።

«ሌባ በዝቷል» አለ።

«የት ሰማህ?»

«ይባላል።»

ታናሽየው ወንድሙን አየው፤ ፎቶ አንሺው ግን ሌንሱን ነው የሚያየው።

«እሱስ በዝቷል» አለ ታናሽየው።

ፎቶ አንሺው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረለት፣ ታናሽየውም ቃሉን ጻፈ።